ከውሃ በታች የቆመ ሮቦት ለትምህርት ቤታችን ምን ያስተምራል?

ተማሪዎቻችን አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ይማራሉ። የኤሌክትሪክ መስመር በሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ የኦም ሕግ ይጻፋል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል፤ በፈተና ቀንም መልሶ ይጽፈዋል። ያው ዕቃ መሥራቱን ሲያቆም ምን እንደሚደረግ ግን እንደ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእኛም የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ቦታ የለውም። በእኛ እምነት ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ ግቢ የሚወጣ ልጅ ሐኪም ይሁን ሹፌር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይሁን ልብስ ሰፊ፣ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ይህ ነገር ለምን እምቢ አለ?» የሚለው ይበዛበታል።

ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔት የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ብልሽት መፈለግ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጥ፤ ነጥብም ይያዝለት። ይህን ለማስረዳት ከማዮ በጣም የራቀ የሚመስል ዕቃ መርጠናል፤ ከውሃ በታች የሚሠራ ሮቦት። የመረጥነው ዘመናዊ ስለሆነ አይደለም። ሮቦቱ አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ እጅ አይደርስበትም፤ ብዙ ጊዜም ዓይን አያየውም፤ ራዲዮ እንደሚመታው መታ መታ አድርጎ መሞከርም አይቻልም። የቀረው አማራጭ ማሰብና መለካት ብቻ ነው። ብልሽት ፍለጋ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ሮቦት ወደ ውሃ የሚላከው ለምንድን ነው?

ወደ ውሃ በጠለቅን ቁጥር በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጨመራል። በ40 ሜትር ላይ በሰውነታችን ላይ የሚያርፈው ግፊት ከውሃው ፊት አምስት እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። የሠለጠነ ጠላቂ እስከዚህ ድረስና ከዚያም ትንሽ አለፍ ብሎ ይሠራል፤ ከዚያ በታች ግን ጉዳዩ እየከበደ ይሄዳል።

የዚህን ልዩነት ትርጉም የሚያሳዩ ሁለት አሳዛኝ አደጋዎች አሉ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ለመብረር እንደተነሳ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ምክንያቱን ለማወቅ የበረራ መረጃውና የድምፅ መቅጃው መገኘት ነበረባቸው። የባሕሩ ጥልቀት በዚያ ቦታ 45 ሜትር ገደማ ስለነበር የሊባኖስ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ሊደርሱበት ቻሉ፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥም ሁለቱም መቅጃዎች ወጡ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 ግን ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ ነበር። ጠላቂ እዚያ አይደርስም። ስብርባሪው የተገኘው ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2011 ነው፤ ያገኙትም ሬመስ 6000 የተባሉ ገመድ የሌላቸው ሮቦቶች ናቸው። በማግስቱ ወር መቅጃዎቹን ያወጣው ደግሞ ከመርከብ በገመድ የሚታዘዝ ሌላ ሮቦት ነው።

የምንኖርበት አገርም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በሻዕብ ሩሚ የባሕር ውስጥ ቤት ሠርቶ ሰዎች ለአንድ ወር ያህል በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ኖረውበታል። ከቤቱ አጠገብ ለትንሿ ጠላቂ ጀልባቸው የተሠራው ማቆሚያ ዛሬም ባሕር ውስጥ ቆሞ ይታያል። ከዚያም ርቆ በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ 2,000 ሜትር በሚያህል ጥልቀት ላይ፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ እጅግ ጨዋማ ውሃ የተኛበት አትላንቲስ ሁለት የሚባል ገንዳ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚጠናው ከመርከብ በሚወርድ መሣሪያና በሮቦት ነው።

የውሃ ውስጥ ሮቦት በሁለት ይከፈላል። አንዱ በገመድ ከመርከብ ወይም ከዳር የሚታዘዝ ነው፤ ሌላው ገመድ የሌለው፣ አስቀድሞ የተሰጠውን መንገድ ተከትሎ ሄዶ የሚመለስ ነው። ገመዱ የሚያስፈልገው የራዲዮ ሞገድ ውሃን አልፎ ሩቅ ስለማይሄድ ነው። ሞባይል ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ተደርጎ በርሜል ውስጥ ጠልቆ ቢገባ መስመሩ የሚደክመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብልሽት የሆነና ብልሽት የሚመስል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሮቦቱ በዳር ላይ ደህና ሠርቶ ውሃ ሲገባ እምቢ አለ እንበል። ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኮምፒዩተሩን መፍታት ወይም ፕሮግራሙን መቀየር ነው። ልምድ ያለው ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ዳር ላይ ያልነበረ፣ ውሃው ውስጥ ግን ያለ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ነው። አራት ምሳሌዎችን እንይ።

አንደኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። 12 ቮልት ባትሪ ዳር ላይ አለ፤ ሮቦቱ በ30 ሜትር ገመድ ተያይዟል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 60 ሜትር ነው። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ቢሆን በ60 ሜትር ውስጥ 1 ኦም ገደማ እንቢታ አለው። ሞተሮቹ አየር ላይ ሲሽከረከሩ 1 አምፒር ቢስቡ በገመዱ ላይ የሚባክነው 1 ቮልት ብቻ ነው፤ 11 ቮልት ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ገብተው ውሃውን መግፋት ሲጀምሩ ግን 5 አምፒር ሊስቡ ይችላሉ፤ ያኔ 5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀርና ሮቦቱ ጋ የሚደርሰው 7 ቮልት ነው። ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ ጭነቱ ሲቀር ቮልቱ ተመልሶ ይወጣና ኮምፒዩተሩ እንደገና ይነሳል። የሚያየው ሰው «ፕሮግራሙ ታሟል» ይላል፤ የታመመው ግን ገመዱ ነው። በጎረቤት ጄኔሬተር በቀጭን ሽቦ አምፖል ያበራ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ቬንቲሌተር ሲከፈት መብራቱ ይደክማል። መፍትሔውም ከሒሳቡ ይወጣል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢደረግ የሚባክነው 2 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ የነገረን ተማሪዎቻችን በደብተራቸው የያዙት የኦም ሕግ ነው።

ሁለተኛው መንሳፈፍ ነው። በወንዝ ውሃ ተመዝኖ የተስተካከለ፣ 20 ሊትር ቦታ የሚይዝ ሮቦት ባሕር ላይ ቢወሰድ አልጠልቅም ይላል። ሞተሩ ተዳክሞ አይደለም። የአንድ ሊትር የወንዝ ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ግራም ሲሆን የባሕር ውሃ ግን በአማካይ 1.025 ኪሎ ግራም ነው። በ20 ሊትር ላይ ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ ያን ያህል ክብደት ሳይጨመርለት ሮቦቱ አይወርድም። ቀይ ባሕር ደግሞ ከብዙዎቹ ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ልዩነቱ ከዚህም ትንሽ ይብሳል።

ሦስተኛው ካሜራው ነው። በክረምት ወራት ከኢትዮጵያ ተራሮች አፈር ተሸክሞ የሚመጣው ጥቁር ዓባይ፣ እዚህ ሱዳን ሰማያዊ ዓባይ የሚባለው፣ ካርቱም ሲደርስ ቡና በወተት ይመስላል። በዚያ ወቅት በአል ሞግራን፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት፣ ካሜራ ቢወርድ የሚያሳየው ቡናማ መጋረጃ ነው። መብራት ቢጨመር ይብስበታል፤ ብርሃኑ ከደለሉ ላይ ተመልሶ ዓይን ያጥበረብራል፤ በጉም ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው። ካሜራው አልተበላሸም፤ ሥራው ለካሜራ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ውሃ የሚያገለግለው በድምፅ ሞገድ የሚያየው ሶናር ነው። መሣሪያው ተበላሸ ከማለት በፊት ቦታውን ማወቅ ይቀድማል።

አራተኛውና በጣም የሚያሠጋው ውሃ ማስገባት ነው። የኤሌክትሮኒክሱ ሣጥን የሚታተመው ኦሪንግ በሚባለው የጎማ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ አንድ ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት ካረፈ ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሣጥኑን ውሃ ከማግባታቸው በፊት በእጅ ፓምፕ አየሩን መጥጠው ያወጡና መለኪያውን ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይመለከታሉ። መርፌው ከቦታው ከተንቀሳቀሰ አየር እየገባ ነው፤ አየር የገባበት ውሃም ይገባበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ በቀጥታ ይሠራል።

ፍለጋው ሥርዓት አለው

ከእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ አንድ የጋራ ሥርዓት ይወጣል። በመጀመሪያ የታየው ነገር በትክክል ይነገራል። «ተበላሸ» ማለት ምንም አይነግረንም፤ «የቀኝ ሞተር ከግራው ጋር አብሮ ሲነሳ ይቆማል፣ ብቻውን ሲሆን ይሠራል» ማለት ግን የፍለጋውን ግማሽ ይጨርሳል። ቀጥሎ ከቀላሉ ይጀመራል፦ ባትሪው፣ ፊዩዙ፣ ማገናኛዎቹ፤ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ሣር ወይም ክር። ጣና ሐይቅን ያስቸገረው እምቦጭ በነጭ ዓባይም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ እንዲህ ያለ አረም ያለበት ውሃ ሞተር ሲያቆም መጀመሪያ የሚታየው ፕሮፔለሩ ነው።

ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከባትሪው እስከ ሞተሩ አሥር ቦታ ብልሽት ሊኖር ቢችል ከአንደኛው ጀምሮ ተራ በተራ መሞከር ጊዜ ይፈጃል። መሐሉ ላይ በቴስተር ሲለካ ኃይሉ ካለ ብልሽቱ ከመሐል ወዲያ ነው፤ ከሌለም ከመሐል ወዲህ ነው። በአንድ ልኬት ግማሹ ቦታ ከጥርጣሬ ነፃ ይወጣል። በመጨረሻም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። ባትሪውንም ገመዱንም ፕሮግራሙንም አንድ ላይ ቀይሮ ሮቦቱ ቢነሳ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ በማግስቱም ሲቆም ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የተደረገው ሁሉ ይጻፋል። ይህ ለብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ዋናው ነው እንላለን። ትናንት የተሞከረውን የማያስታውስ ሰው ዛሬ ያንኑ ይሞክራል።

የፊኒክስ ልጆች

ይህ ሁሉ ለሀብታም ትምህርት ቤት የተሠራ ነው የሚል ካለ የሚከተለውን ታሪክ ያድምጥ። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ካርል ሄይደን የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ስደተኞች ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 አራት ልጆች፣ ክሪስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲላን፣ ኦስካር ቫስኬዝና ሉዊስ አራንዳ፣ በሁለት መምህሮቻቸው እየታገዙ የውሃ ውስጥ ሮቦት ሠሩ። አራቱም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራቸውም። ሮቦታቸው ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በማጣበቂያ የተያያዘ ሲሆን የወጣበትም 800 ዶላር ገደማ ነበር። ከማጣበቂያው ሽታ የተነሳ «ሽታም» የሚል ስም አወጡለት።

በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ በተካሄደው ውድድር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለመወዳደር ተመዘገቡ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በዓለም ስሙ የታወቀው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም አይ ቲ፣ ነበር። በልምምድ ገንዳ ውስጥ ሮቦታቸውን ሲያወርዱት ግን ኤሌክትሮኒክሱ ያለበት ሣጥን ውሃ ሲያስገባ አገኙት። ሌላ ሣጥን ለመሥራት ጊዜም ገንዘብም አልነበረም።

ልጆቹ ብልሽቱን አልሸፈኑትም፤ ለሁለት ከፈሉት። ውሃው እንዳይገባ ማድረግ በቀረው ጊዜ አይቻልም፤ የገባው ጥቂት ውሃ ሽቦው ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ግን ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው «ቀዳዳውን እንዴት እንድፈን?» ከሚለው ተነስቶ «ጥቂት ውሃ በትንሽ ቦታ በደንብ የሚመጥጥ ምን አለ?» ወደሚለው ተለወጠ። መልሱ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበት መምጠጫ ጥጥ ሆነ። ሎሬንዞ ሱቅ ሄዶ፣ አፍሮም ቢሆን፣ አንዲት ሴት ገበያተኛ የትኛው የተሻለ እንደሚመጥጥ ጠየቀ፤ ነገረችው፤ ገዝቶ ተመለሰ። ሌሊቱንም ሽቦዎችን እንደገና ሲበይዱ አመሹ። በውድድሩ አጠቃላይ አሸናፊ ሆኑ፤ ኤም አይ ቲ ሁለተኛ ወጣ። በሁለተኛ ቋንቋቸው በእንግሊዝኛ ላዘጋጁት የቴክኒክ ጽሑፍም ሽልማት ተሰጣቸው። ታሪኩ በኋላ በመጽሐፍና በፊልም ወጥቷል።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ልጆቻችንን በተረት ለማጽናናት አይደለም። ድሉ የመኖሪያ ፈቃድ አላስገኘላቸውም፤ ከዚያ በኋላም በትምህርትና በሥራ በኩል ብዙ ተቸግረዋል። ኢቃማ ለማሳደስ ሲመላለስ የኖረ ወላጅ ይህን ለማመን አይቸገርም። ሆኖም ያ ሌሊት የሰጣቸው ችሎታ፣ ማለትም ሳይደናገጡ ብልሽትን ከፋፍሎ ማየት፣ ማንም ሊወስድባቸው አይችልም። ይህ ችሎታ ደግሞ 800 ዶላር እንኳ አይጠይቅም።

በሌላ በኩል ገንዘብ ሁሉን አይፈታም። ጃፓን የሠራችው ካይኮ የተባለ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ጥልቁ ቦታ፣ 10,911 ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር፤ በ2003 ገመዱ ተበጥሶ ጠፋ። የአሜሪካው ኔሬውስም እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ጥልቅ ቦታ ደርሶ ተመልሶ፣ በግንቦት 2014 ግን ከኒውዚላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ በ9,900 ሜትር ላይ ጠፋ፤ ግፊቱ ሳያደቀው እንዳልቀረ ባለቤቶቹ ተናገሩ። ሁለቱም ወገኖች ጥፋቱን በይፋ ገለጹ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ለማዮ ምን ይሁን?

በክፍል ውስጥ ያለው ልማድ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ያልገባው ተማሪ ዝም ይላል፤ የተሳሳተ ስሌት በላጲስ ይጠፋል፤ ያልሠራ ሙከራ «ሠርቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው መልስ ነው። ልጁ የሚማረው ብልሽት ማለት ውርደት እንደሆነ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ነገ የሚሠራበት ክሊኒክ ማቀዝቀዣ ቢቆም ለአለቃው ከመናገር ይልቅ በሩን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል፤ ውስጥ ያለው ክትባት ይበላሻል። ጉዳዩ ስለ ሮቦት ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ለብልሽት ፍለጋ ይመደብ። ዕቃው ከየቤቱ ይምጣ፦ የማይበራ ባትሪ፣ ዝም ያለ ራዲዮ፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ ክር የሚበጥስ የልብስ ስፌት መኪና፣ የማይነፋ የብስክሌት ፓምፕ። ተማሪዎች በአራት በአራት ሆነው አንድ ዕቃ ይውሰዱ። እያንዳንዱ ቡድን የብልሽት መዝገብ ይኑረው፤ በመዝገቡም የታየው፣ የተጠረጠረው፣ የተለካው፣ የተቀየረው፣ የተገኘው ውጤት በየተራ ይጻፍ። ነጥቡ የሚሰጠው ለመዝገቡ ነው። ዕቃው ባይድንም በሥርዓት ፈልጎ በትክክል የጻፈ ቡድን ሙሉ ነጥብ ያግኝ፤ በዕድል ያዳነና ምን እንዳዳነው ማስረዳት ያልቻለ ግን አያግኝ።

የደህንነት ደንብም ከመጀመሪያው ይጻፍ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘ ዕቃ አይነካ፤ ሥራው ሁሉ ከ12 ቮልት በማይበልጥ ባትሪ ይሁን፤ የቴሌቪዥን ውስጥና የሞባይል ባትሪ አይከፈት። መምህር በሌለበት መሣሪያ አይወጣ።

በሦስት ወገን ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። አንዳንድ መምህራን «ፈተናው ይህን አይጠይቅም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያየነው የ30 ሜትር ገመድ ስሌት የኦም ሕግ ነው፤ ግማሽ ኪሎው ደግሞ የአርኪሜዲስ ሕግ ነው። ልጁ ሕጉን ብልሽት ሲያገኝበት ይበልጥ ያስታውሰዋል እንጂ አይረሳውም። ሌሎች «ወንበር ሳይሟላ ይህ ምን ቅንጦት ነው?» ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ሆኖም የምንጠይቀው አንድ ቴስተር፣ ጥቂት ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና ናስትሮ ነው። የተበላሸ ዕቃ እንደሆነ ማዮ ውስጥ አይታጣም።

ሦስተኛው ከወላጆች የሚመጣው ነው፦ «ልጄን ያስተማርሁት ጠጋኝ እንዲሆን አይደለም።» ይህን የሚሉ ወላጆች ቀን ሙሉ በፀሐይ ሻይ አፍልተው፣ በሰው ቤት ሠርተው፣ ራክሻ ነድተው ነው የልጆቻቸውን የትምህርት ወጪ የሚችሉት፤ ስጋታቸውን አናቃልለውም። ነገር ግን የእጅ ሥራን መናቅ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አሮጌ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ እንኳ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ኤም አይ ቲን ያሸነፉት ልጆች ሽቦ በያጆችም ሒሳብ አስሊዎችም ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። ብልሽት መፈለግ የሚችል ልጅ ሐኪም ለመሆን ይበልጥ የተዘጋጀ ነው፤ ሐኪም የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይለካል፣ ይጠረጥራል፣ አንድ በአንድ ያጣራል።

ከወላጆቻችን መካከል ጄኔሬተር የሚጠግኑ፣ መኪና የሚያድሱ፣ የስፌት መኪና በጆሮ ብቻ ሰምተው ሕመሙን የሚያውቁ አሉ። እነዚህ አባቶችና እናቶች በወር አንድ ቀን ወደ ክፍል ገብተው እንዲያስተምሩ ይጋበዙ። ወላጁን በሰሌዳ ፊት ቆሞ ያየ ልጅ በአባቱ እጅ ላይ ያለውን ግራሶ አያፍርበትም። ሴት ልጆችም ከቡድኑ ግማሽ ይሁኑ፤ ካቻቪቴው ለወንዱ፣ መጥረጊያው ለሴቷ የሚሆንበት ቡድን ነጥብ አይሰጠው።

በዓመቱ መጨረሻ ከፍተኛው ክፍል ከፕላስቲክ ቱቦና ከሦስት ትንንሽ ሞተሮች የራሱን የውሃ ሮቦት ቢሠራ ደስ ይለናል። ቀይ ባሕር መሄድ አያስፈልገውም። በየቤታችን በካሮ የመጣ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ለመጀመሪያው ጉዞ ይበቃል፤ ንጹሕ ውሃ እንዳይባክንም በርሜሉ የትምህርት ቤቱ የአትክልት ማጠጫ ይሁን። ሮቦቱ በመጀመሪያው ቀን እንደማይሠራ ከወዲሁ እናውቃለን። ውሃ ያስገባል፤ ወደ ጎን ይዘነብላል፤ አንዱ ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል። የዚያን ቀን የተጻፈውን መዝገብ በሚቀጥለው መጽሔት ላይ ሳናሳምር እንዳለ ለማተም ቃል እንገባለን።

ለወላጆቻችንና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አስተዳደሩ ከሚቀጥለው የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ አርባ ደቂቃዋን በየሁለት ሳምንቱ ይመድብ፤ የወላጆች ኮሚቴ አንድ ቴስተር ይግዛ። ተማሪዎቻችን ደግሞ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት ከደብተራቸው ጋር አንድ የተበላሸ ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ ምን እንደሆነበትም በሁለት መስመር ጽፈው ይያዙ። «ተበላሸ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ግን አንቀበልም።